ከመስኮቱ ማዶ ያልቆመው በሽተኛ

የሆስፒታል መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት የተሰለፈ ሰው የሐኪም ማዘዣ በእጁ ይዟል። ከውስጥ ያለው ባለሙያ ወረቀቱን ያነባል፣ ከመደርደሪያው ያወርዳል፣ ይቆጥራል፣ በትንሿ ከረጢት ላይ «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ ይጽፍና ያስረክባል። ፋርማሲስት ሲባል አብዛኛው ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ይህንን ነው፤ ደግሞም የተከበረ ሥራ ነው። ስለዚህ ዓመታት ቆጥሮ ፋርማሲ የተማረ ወጣት «እኔ መስኮት ላይ አልቆምም፤ ምርምር ውስጥ ነው የምገባው» ሲል ቤተሰብ ግር ይለዋል። መድኃኒት ሊሰጥ ተምሮ መድኃኒት የማይሰጥ ከሆነ ልፋቱ ሁሉ ለምን ነበር? ጥያቄውን የደመወዝና የሥራ ዕድል ጉዳይ አድርጎ መመለስ ይቻላል፤ ብዙዎችም እንዲያ ይመልሱታል። ከሥሩ ያለው ግን የእምነትና የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ለመፈወስ የተማረ ሰው ባለዕዳነቱ ለማን ነው? ዛሬ ፊቱ ለቆመው፣ ሲያስል ለሚሰማው ሰው? ወይስ ለማያየው፣ ምናልባትም ገና ላልተወለደው? በሉቃስ ወንጌል ሕግ አዋቂው ባልንጀራው ማን እንደሆነ ክርስቶስን በጠየቀ ጊዜ የተነገረው ታሪክ በመንገድ ዳር የወደቀ ቁስለኛ ታሪክ ነበር፤ የሚታይ፣ የሚዳሰስ፣ ደሙ የሚፈስ ሰው። የማይታይ ባልንጀራስ አለ?

አለ ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃዬንም ከዚያው ታሪክ እጀምራለሁ። ለቁስለኛው የራራለት ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ሲያፈስ አያመነታም። ዘይት እንደሚያለሰልስ፣ ወይን እንደሚያጥብ ያውቃል። ይህን ግን በዚያች ሰዓት፣ በኢያሪኮ መንገድ ላይ አልደረሰበትም። ከእርሱ በፊት የኖሩ፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሰዎች አንዱን ቁስል በዚህ፣ ሌላውን በዚያ እየሞከሩ፣ የትኛው እንዳመረቀዘና የትኛው እንደሻረ እያስተዋሉ ያቆዩለት ዕውቀት ነው። ርኅራኄው የራሱ ነው፤ በእጁ የያዘው ግን የሌሎች ትዕግሥት ፍሬ ነው። እነዚያ ሰዎች ይህን መንገደኛ አላዩትም፤ ሊያዩትም አይችሉም ነበር። ያለ እነርሱ ግን ሳምራዊው ከቁስለኛው አጠገብ ተንበርክኮ ከማልቀስ ያለፈ ብዙ ባላደረገለት ነበር። ስለ ምሕረት በሚናገረው በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ያልተጠራ ሰው አለ፤ መድኃኒቱን የመረመረው።

ቋንቋችንም ነገሩን ከፍ አድርጎ ይዞታል። «መድኃኒት» የሚለው ቃል በግእዝ «ድኅነ» ካለው ግሥ፣ ማለትም ከመዳንና ከመትረፍ የወጣ ነው፤ መድኃኔ ዓለም ብለን የምንጠራውም ስም ሥሩ ይኸው ነው። እንግዲህ ከረጢቷን የሚያስረክብ ሰው ቃል እየገባ ነው፤ «ይህ ያድንሃል» እያለ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛ ምዕራፉ እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንዳወጣ፣ ቀማሚውም ከዚያ እንደሚቀምም ያስተምራል። በእስልምናም ፈውስ ያልተሰጠው በሽታ እንደሌለ የሚናገረው የነቢዩ ትምህርት የታወቀ ነው። ሁለቱም ትምህርቶች ፈውሱ አለ ይላሉ፤ ተገኝቶ አልቋል ግን አይሉም። ካለና ገና ካልተገኘ መፈለግ ግድ ይሆናል። መፈለጉን ደግሞ ከቅጠልና ከዱቄት፣ ከመጠንና ከመርዝ ጋር የተዋወቀ ሰው ካልወሰደው ማን ሊወስደው ነው?

«ይህ ያድንሃል» የሚለው ቃል ሲፈርስ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ሰልፋኒላማይድ የተባለው መድኃኒት በዱቄትና በክኒን መልክ ብዙ ሰው ጠቅሞ ነበር። ክኒን መዋጥ ለማይችሉ ልጆች በሽሮፕ ይዘጋጅ ተባለ። መድኃኒቱ በውኃ በቀላሉ አይሟሟም፤ ስለዚህ ዳይኢቲሊን ግላይኮል በሚባል ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ አሟሙት። ጣዕሙን አዩ፣ መልኩን አዩ፣ ሽታውን አዩ። ፈሳሹ ኩላሊት ይገድል እንደሆነ ግን አልመረመሩም፤ በጊዜው ሕጉም አያስገድድም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሐኪሞቹና በመድኃኒት ቤቶቹ መስኮት ላይ የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሽሮፑን የሰጡት በርኅራኄ ነው። ከ85 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት ሞተው የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ የተጠረጠሩት ሽሮፖች ውስጥ የተገኘው ያው ዳይኢቲሊን ግላይኮልና የቅርብ ዘመዱ ነበር። እናት ማንኪያውን ወደ ልጇ አፍ ስታስጠጋ ከፋርማሲስቱ የበለጠ ትወደዋለች። ፍቅሯ ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አይቶ መለየት አይችልም። ያንን የሚለየው በመድኃኒት ጥራት ላብራቶሪ ውስጥ ተቀምጦ ናሙና ከናሙና የሚያወዳድር፣ ልጁን በስም የማያውቅ ሰው ነው። እርሱ በቦታው ካልነበረ በመስኮቱ ያለው ቸርነት ሁሉ ወደ ሞት ይለወጣል።

ይህ ጉዳትን ስለ መከላከል ነው፤ ምርምር ሕመምን በቀጥታ የሚያሳጥርበትም መንገድ አለ። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ፣ በመተማና በሁመራ አካባቢ፣ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ በአሸዋ ዝንብ ይነከስና ካላዛር ይይዘዋል። ትኩሳቱ አይለቀውም፣ ሆዱ በጣፊያ ያብጣል፣ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ካልታከመ ይሞታል። ለረጅም ዘመን የነበረው ሕክምና በየቀኑ የሚወጋ የአንቲሞኒ መርፌ ሲሆን 30 ቀን ይወስድ ነበር፤ መርፌው ያማል፣ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ለምሥራቅ አፍሪካ ያንኑ መርፌ ከፓሮሞማይሲን ጋር አጣምሮ ሕክምናውን ወደ 17 ቀን ያወረደውን መንገድ መከረ። በኋላም በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በዩጋንዳ የተካሄደ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ አንቲሞኒውን ጨርሶ አስወጥቶ የሚዋጥ ሚልቴፎሲን ከፓሮሞማይሲን መርፌ ጋር በ14 ቀን መስጠት እንደሚቻል አሳየ። ሚልቴፎሲን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ መርፌውም ገና አልቀረም፤ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ቢሆንም ከ30 ወደ 14 መውረድ ለዚያ የቀን ሠራተኛ 16 ቀን ነው። 16 ቀን ከአልጋ ተነሥቶ መሥራት፣ ልቡም ከአንቲሞኒ ጨርሶ ማረፍ። እነዚህን ቀኖች የሰጠው በመስኮት ያለ እጅ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ በዓመታት ቆጠራና ሚዛን የተገኙ ናቸው።

እንዲህ ባለ ሙከራ ውስጥ የፋርማሲስቱን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሥራው መንፈሳዊ ክብደት ያለው እዚያ ነው። በሽተኛው ለቀጠሮ ሲመጣ የተሰጠውን ዕቃ ይመልሳል። ፋርማሲስቷ በጠረጴዛዋ ላይ የተረፉትን እንክብሎች ዘርግታ ትቆጥራለች። በመዝገቡ መሠረት ሁለት መትረፍ ነበረበት እንበል፤ የቀረው ግን ስድስት ነው። አራት ጊዜ አልዋጠም ማለት ነው። ቁጥሩን አስተካክላ ብትጽፍ የሚያያት የለም፤ ሙከራው ያምርበታል፣ ተቆጣጣሪውም አይነጫነጭም። ስድስት ብላ ስትጽፍ የምታገለግለው ሰው በክፍሉ ውስጥ የለም። ከዓመታት በኋላ፣ በማታውቀው ወረዳ፣ ያንን መድኃኒት የሚውጥ ሰው ነው። በስውር ያለውን የሚያይ አምላክ አለ ብለን የምናምን ሰዎች ይህን ተግባር ከምጽዋት አሳንሰን ልናየው አይገባም። የተቀባዩን ምስጋና ተስፋ ያላደረገ፣ ፊቱንም ያላየ ስጦታ ነው። የማቀዝቀዣውን ሙቀት በየጠዋቱ መመዝገብ፣ የጠፋችን አንዲት ብልቃጥ እስክትገኝ መፈለግ፣ «አላውቅም» ብሎ መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ ለሌለ ሰው የሚከፈሉ የእውነት ዕዳዎች ናቸው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው እኛን በተለይ ይመለከታል። መስኮቱ ላይ የምንሰጠው መድኃኒት በአብዛኛው የተፈተነው በሌላ ሕዝብ አካል ነው። ኮዴይንን እንውሰድ። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የተባለ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ነው። የዚህ ኢንዛይም ጂን በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ከሁለት በላይ ቅጂ አለው፤ በእነርሱ አካል ውስጥ ሞርፊኑ ቶሎና በብዛት ይመረታል፣ ትንፋሽን እስከማፈን ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው እንዲህ ያለ የተባዛ ጂን እንዳላቸው አገኘ፤ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቶንሲላቸው ለወጣ ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ጠንካራውን ማስጠንቀቂያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። በመስኮቱ ፊት ከቆሙት አሥር ኢትዮጵያውያን ሦስቱ ለዚያ መድኃኒት ከሌላው የተለየ አካል ካላቸው፣ በማዘዣውና በክኒኑ ላይ ምንም ስሕተት ሳይኖር ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ባልንጀራን መውደድ እርሱ ማን እንደሆነ ማወቅን ይጨምራል፤ ያም እስከ ጉበቱ ድረስ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም የሚኖረው ወገናችን ይህንኑ ጂን ይዞ ነው የሄደው፤ እዚያ ያለው ሐኪሙም ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

ተቃውሞ አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው የእጥረት ተቃውሞ ነው። በገጠር ጤና ጣቢያ መድኃኒትን በወጉ አስረድቶ የሚሰጥ ባለሙያ በሚናፈቅበት አገር የተማረውን ከመስኮቱ ማንሣት የታመመውን መንጠቅ አይደለም ወይ? ይህ ጥያቄ ከቅን ልብ የሚመጣ ስለሆነ ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ሁሉም ወደ ላብራቶሪ ይሂድ የሚል የለም፤ ጳውሎስ ስለ አካልና ስለ ብልቶች ያስተማረው እዚህ ላይ በቂ ነው፤ አካሉ በሙሉ ዓይን ቢሆን መስማት ከወዴት ይመጣል። ግን ደግሞ መስኮቱ ራሱ ያለ ምርምር አይቆምም። መድኃኒት ያረጃል። ክሎሮኩዊን አንድ ጊዜ የወባ ሁሉ መልስ ነበር፤ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ ወባ ለመደው፣ አመለጠው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለዚህ ወባ ኮአርተም ተብሎ ወደሚታወቀው ጥምር መድኃኒት ስትዞር፣ ከዚያ በፊት ማንም ሌላ መድኃኒት ባይፈልግ ኖሮ በየጤና ጣቢያው ያለው ባለሙያ ፈገግ ብሎ የማይሠራ ክኒን ያድል ነበር።

የዚህ ተቃውሞ ሌላ ፊትም አለ፤ በእርሱ እስማማለሁ። «ለማይታዩት ሺዎች» የሚለው ቃል የሚታየውን አንዱን ለመርገጥ ሲውል ታይቷል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት በተስኪጊ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው ወደ 400 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶች፣ ፔኒሲሊን መድኃኒታቸው መሆኑ ታውቆም እንኳ ሳይሰጣቸው፣ በሽታው የት እንደሚደርስ ሲታይባቸው ኖሩ። ተመራማሪዎቹ ለዕውቀት ነው ብለዋል። ስለዚህ የብዛት ስሌት ብቻውን ምርምርን አያጸድቅም። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 በሄልሲንኪ ያወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው መግለጫ የሚመረመረው ሰው ደኅንነት ከሳይንሱ ጥቅም እንዲቀድም ያዛል። በእኔ እምነት ተመራማሪው ፈዋሽ ሆኖ የሚቀጥለው የማይታየው ሰው የሚታየውን እስካልሰወረበት ድረስ ብቻ ነው። በሙከራው ውስጥ የተኛው የቀን ሠራተኛ ራሱ ባልንጀራ ነው፤ መሣሪያ አይደለም። በቋንቋው ተነግሮት፣ ገብቶት፣ እምቢ የማለት መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ መሆን አለበት። ይህን የሳተ ምርምር ስንት ሰው ቢጠቅም ኃጢአቱን ይዞ ይኖራል።

ከሃይማኖት በኩል የሚነሣም ሥጋት አለ፤ ፈውስ የእግዚአብሔር ነው፣ ምሥጢሩን መበርበር ድፍረት ነው የሚል። ለዚህ መልስ ያለው በቻይናዊቷ ቱ ዮዮ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በቤጂንግ በፋርማሲ ትምህርት የተመረቀችው ቱ የወባ መድኃኒት እንድትፈልግ ስትታዘዝ የጥንት የሕክምና መጻሕፍትን አገላበጠች። ቺንግሃው የተባለውን ተክል ብትሞክር አንዴ ሠራ፣ አንዴ አልሠራም። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ በመጽሐፉ ተክሉን በውኃ ዘፍዝፎ መጭመቅ እንጂ መቀቀልን አልጠቀሰም ነበር። ሙቀቱ ፈዋሹን ነገር ያጠፋዋል ማለት ይሆን? በዝቅተኛ ሙቀት በኢተር ብታወጣው ውጤቱ ተለወጠ። ለሕመምተኛ ከመሰጠቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1972 እርሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ላይ ሞከሩት። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት አርቴሚሲኒን ይህ ነው፤ የኮአርተም መሠረትም እርሱ ነው። እዚህ ውስጥ ድፍረቱ የቱ ነው? አንዲትን አሮጌ ዐረፍተ ነገር ከእርሷ በላይ በአክብሮት ያነበባት የለም። እኛም በብራና የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት አሉን፤ ከአባት ወደ ልጅ በምሥጢር የወረደ ዕውቀትም አለን። ኮሶ በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ እስከመግባት ደርሶ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን መጠኑ እንደ ሰጪው እጅ ይለያያል፣ የበዛበትም ይጎዳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መድኃኒቱን የደበቀስ? ዐዋቂው ሲሞት አብሮት የሚቀበረው ፈውስ የእግዚአብሔርን ምሥጢር አላስከበረም፤ ስጦታውን አፈር አለበሰው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ለዕድገትና ለማዕረግ ሲባል ተጽፎ መደርደሪያ ላይ የሚቀረውን ምርምር ይመለከታል። እውነት ነው፤ መከራከሪያ የለኝም። ነገር ግን መደርደሪያ ላይ የቀረ ሁሉ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ሴቶቹ የሚያውቁትን ነገር ዓለም እንዲቀበል ግን ስለ መርዛማነቱ በውጭ አገር ደረጃ የተሠራ ማስረጃ ተጠየቀ፤ ያንን የሚሠራ ላብራቶሪ ባለመኖሩ ነገሩ ዓመታት ፈጀ። እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእንዶድ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ከምልከታው 25 ዓመት በኋላ። በእነዚያ ዓመታት የጎደለው ብልኅነት አልነበረም። መርዝን የሚመዝን፣ ጭማቂን የሚያረጋጋ፣ መጠንን የሚወስን በቂ ሰው ከነመሣሪያው አልነበረም። ያ ደግሞ በትክክል የፋርማሲ ትምህርት የሚያወጣው ሰው ነው።

ስለዚህ መስኮቱንና ላብራቶሪውን እንደ ሁለት ተቀናቃኝ ጥሪዎች ማየት ያስቸግረኛል። ጥሩ የምርምር ጥያቄ የሚወለደው መስኮቱ ላይ ነው። ለአዋቂ የተሠራ ክኒን ለሕፃን ታዝዟል እንበል። ለልጅ የተዘጋጀው የለም። ባለሙያዋ ክኒኑን ንጹሕ ወረቀት ላይ ታስቀምጥና በምላጭ ለሁለት ትሰነጥቀዋለች፤ ግማሹን እንደገና ለሁለት። አንደኛው ሩብ ወፈር ብሎ ይወጣል፣ ሁለተኛው ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ጥቂት ነጭ ዱቄት ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ለወባ ይህ ችግር መልስ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በውኃ የሚሟሟ፣ ለሕፃን የሚጣፍጥ ኮአርተም ወጣ። ለሌሎች ብዙ በሽታዎች ግን ምላጩ ዛሬም ይሠራል። እናትየው አራቱን ስባሪ በከረጢት ይዛ ትሄዳለች፤ በየትኛው ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ እስካሁን የመዘነ የለም።